ነፍሳትን ሳይጨፈልቁ መያዝ፦ የእጅ መያዣ አመራረጥ፣ አሠራርና አጠቃቀም

ግድግዳ ላይ ያለ በረሮ በጫማ ሲመታ ነገሩ ያለቀ ይመስላል እንጂ አያልቅም። ቀለሙ ላይ የቀረውን እድፍ መፈተግ፣ የተበተነውን እግርና ክንፍ መልቀም፣ ጫማውንም ማጠብ ይከተላል። መጋረጃ ወይም ምንጣፍ ላይ ከሆነማ እድፉ ጭራሽ ላይለቅ ይችላል። ከእድፉ የባሰም አለ። የበረሮ ቁርጥራጭና ኩስ ደርቆ ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል አስም ያለበትን ሰው ሕመም ይቀሰቅሳል። ንብ ከቀፎዋ አጠገብ ስትናደፍ ሌሎቹን ለጥቃት የሚጠራ ሽታ ትለቃለች። ብዙዎች የናይሮቢ ዝንብ የሚሏት፣ ጥቁርና ብርቱካንማ የሆነች ቀጭን ጥንዚዛ ደግሞ አትናከስም፣ አትናደፍም፤ ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ ግን ከሰውነቷ የሚወጣው ፔደሪን የተባለ መርዝ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ቆዳውን አቅልቶ ውሃ ያስቋጥራል። እሷን በእጅ መዳፍ መምታት ራስን መጉዳት ነው።

ስለዚህ ይዞ ማውጣት ይሻላል። ለዚህ የሚያገለግለው የእጅ መያዣ ቀላል ዕቃ ነው፤ ተገዝቶም ይገኛል፣ ቤት ውስጥም ይሠራል። ብዙ ሰው አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሮ የሚተወው እጁ ስላልፈጠነ ይመስለዋል። ዝንብን በፍጥነት የሚቀድም ሰው የለም፣ መቅደምም አያስፈልግም። ሥራውን የሚሠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ቀስ ብሎ መቅረብ፣ የመያዣው አፍ ከግድግዳው ጋር ዙሪያውን መግጠሙ፣ መዝጊያውም ስስ መሆኑ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእነዚህ ሦስቱ ዝርዝር ነው።

ሸረሪትና ጊንጥ 8 እግር ያላቸው ስለሆኑ በሳይንሱ ከነፍሳት አይቆጠሩም። አያያዛቸው ግን ከዚሁ ስለሚገባ አብሬ አነሣቸዋለሁ።

የመያዣ ዓይነቶች

የመጀመሪያውና እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ባለ ኩባያው ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ኩባያ፣ አፉ ላይ የሚንሸራተት ስስ መዝጊያ፣ ከኋላው እጀታ፤ በቃ ይኸው ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ነፍሳቱን አይጎዳም፣ የያዙትንም እያዩ ይሠራሉ። ለስላሳ ግድግዳ፣ መስታወት፣ ኮርኒስና ወለል ላይ የሚወዳደረው የለም።

ሁለተኛው ባለ ብሩሽ ነው። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ለስላሳ የብሩሽ ፀጉሮች በክብ ተተክለዋል። እጀታው ላይ ያለውን ቃታ ሲስቡ ይከፈታሉ፣ ሲለቁ ነፍሳቱን ከብበው ይዘጋሉ። ኩባያ የማይገባበት ጥግ ውስጥ ላለች እግረ ረጅም ሸረሪት ጥሩ ነው። ለበረሮ ግን አይሆንም፤ በፀጉሮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል። የእሳት እራትንም ክንፏን ያበላሽባታል።

ሦስተኛው በሞተር አየር ስቦ የሚያስገባው ነው። ውስጡ ያለች ትንሽ ማራገቢያ አየሩን በወንፊት በኩል ትስባለች፤ ነፍሳቱ ወንፊቱ ላይ ይቀራል፣ አፉ ላይ ያለች ቅጠል የምታክል መዝጊያ ደግሞ መልሳ አታስወጣውም። ባትሪው ሲደክም ስበቱ ይወድቃል፤ በደከመ ባትሪ የተሳበ በረሮ ቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሞተሩ ሲጠፋ ተመልሶ ይወጣል። አንዳንዶቹ ውስጣቸው በኤሌክትሪክ የሚገድል መረብ አላቸው፤ እሱ ያለበት መያዣ የተቃጠለ ነገር ማጽዳትን ስለሚያስከትል ለዚህ ዓላማ አልመርጠውም። በራኬት መልክ የተሠራውማ ነፍሳቱን አየር ላይ ስለሚበታትን ከነጭራሹ ከዚህ ምድብ አይገባም።

ቫኪዩም ያለው ሰው ሌላ ሳይገዛ መሥራት ይችላል። ስስ የሴት ስቶኪንግ ጫፉን ወደ ቱቦው ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያስገቡ፣ የቀረውን በቱቦው አፍ ላይ ወደ ውጭ ገልብጠው በላስቲክ ያሥሩ። የተሳበው ሁሉ ስቶኪንጉ ውስጥ ይቀራል። ሞተሩን ሳያጠፉ ላስቲኩን ፈትተው፣ አፉን ጠምዝዘው ያሥሩና ከዚያ ማሽኑን ያጥፉ። ቅደም ተከተሉን አያዛንፉ፤ ሞተሩ ቀድሞ ከጠፋ የያዙት ይወጣል።

ሲገዙ የሚፈተሽ

ባለ ኩባያውን ሲገዙ እጀታው ማማሩን ሳይሆን አፉን ይመልከቱ። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ደፍተው ከጎን በኩል ይዩ፤ በጠርዙና በመስታወቱ መካከል ብርሃን ከታየ አይግዙት። ይህ ማጋነን አይደለም። በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ትልቁ የአሜሪካ በረሮ እንኳ ሰውነቱን ጨፍልቆ 3 ሚሊ ሜትር በሚሆን ክፍተት ያልፋል። ትንንሾቹማ ከዚያም ባነሰ።

ቀጥሎ መዝጊያው። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካለፈ እግር ይቆርጣል ወይም ነፍሳቱን ገፍቶ ያስወጣል። የአፉ ስፋት ከ8 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ የጠበበ ትልቅ ሸረሪትን ያለ እግር ያስቀራል፣ ከዚያ የሰፋ ደግሞ ሲቀርብ አየር ስለሚገፋ ያስደነብራል። ኩባያው ጥርት ያለ ይሁን፤ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ውስጥ እግሩ የት እንዳለ አይታይም።

በቤት ውስጥ መሥራት

የሚያስፈልገው፦ 1.5 ወይም 2 ሊትር የሚይዝ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አሮጌ የራጅ ፊልም፣ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ከተር፣ መቀስ፣ ማርከር፣ ፕላስተርና ካውያ።

ጠርሙሱን አጥበው ያድርቁ፤ ወረቀቱን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው ይላጡ። የምንፈልገው የላይኛውን ግማሽ ከነአንገቱና ከነክዳኑ ነው። ከአንገቱ ሥር ወደ ታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለኩና፣ አንድ ወረቀት ጠርሙሱ ላይ ዙሪያውን ጠቅልለው ጫፍና ጫፉ እንዲገጥም ያድርጉ። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በማርከር ያስምሩ። በዓይን ግምት የተሠመረ መስመር ሁልጊዜ ይጣመማል፤ የተጣመመ አፍ ደግሞ ግድግዳ ላይ አይገጥምም። በከተር ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው ቀሪውን በመቀስ መስመሩን ተከትለው ይቁረጡ። ከተቻለ የጠርሙሱ ገላ ለስላሳ የሆነበትን ቦታ ይምረጡ፤ ጎድጓዳ መስመር ያለበት ላይ የተቆረጠ አፍ ሞገድ ይሠራል።

አሁን ካውያው ይመጣል። የተቆረጠ ጠርዝ ስስና ተወዛዋዥ ነው፤ ሲጫኑት ይጎብጣል። ካውያውን በዝቅተኛ ሙቀት ያሙቁና ፊቱን ወደ ላይ አድርገው አስደግፈው፣ ላዩ ላይ የአልሙኒየም ፎይል አንጥፈው፣ የጠርሙሱን አፍ ቀጥ አድርገው ለጥቂት ሰኮንዶች ያስቀምጡበት። ጠርዙ ወደ ውስጥ እጥፍ እያለ ዙሪያውን ጠፍጣፋ ከንፈር ያወጣል። ከፍ አድርገው ይዩ፤ ያልታጠፈ ቦታ ካለ ይድገሙት። ብዙ ካቆዩት አፉ ይኮማተራል፣ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ይሥሩ። መስኮት ይከፈት፣ ልጆችም በዚህ ሰዓት አጠገብ አይሁኑ። ይህ እርምጃ ዕቃውን ከጨዋታ ወደ መሣሪያ የሚያሻግረው ነው፤ ከንፈሩ ሲጠነክር አፉ ሳይጎብጥ ዙሪያውን ይገጥማል፣ መዝጊያውም ሳይደነቃቀፍ በላዩ ይሄዳል።

ለመዝጊያ የራጅ ፊልምን የምመርጠው ስስ፣ ለስላሳና የማይቀደድ ስለሆነ ነው። ካርቶን ሲርስ ይልመጠመጣል፣ ጫፉም ቶሎ ይፈታል። የፊልሙን ጥቁር ሽፋን ለማንሣት ጓንት አድርገው፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ በረኪና ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ሽፋኑ ሲለቅ በስፖንጅ ጠርገው በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። የሚቀረው ጥርት ያለ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው፤ በእሱ በኩል ማየት መቻል ትልቅ ጥቅም አለው። ከአፉ ስፋት በየጎኑ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲተርፍ አድርገው ይቁረጡት፤ በርዝመቱ 22 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የፊት ማዕዘኖቹን ክብ ያድርጉ። በኋላ በኩል ፕላስተር ሦስት አራት ጊዜ ጠቅልለው መያዣ ያብጁለት።

ዘንጉ ጠርሙሱ አንገት ውስጥ ይገባል። ጠባብ እስኪሆን ድረስ ጫፉ ላይ ፕላስተር ይጠቅልሉና አጥብቀው ይክተቱት። ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ለአብዛኛው ግድግዳ ይበቃል። በማጣበቂያ አያጣብቁት፤ ቅርብ ለሆነ ነገር ዘንጉን አውጥተው በምትኩ ክዳኑን መግጠም ይቻላል። ለኮርኒስ ደግሞ ሁለተኛ ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ መዝጊያውን በፕላስተር ያያይዙ። ፊልሙ ተጣጣፊ ስለሆነ ዘንጉ ዘመም ቢል እንኳ ኮርኒሱን ተከትሎ ይሄዳል።

ጠርዙ ላይ ስፖንጅ ባይለጠፍ እመርጣለሁ። ሸካራ ግድግዳ ላይ ክፍተት ቢሞላም መዝጊያውን አላሳልፍ ይላል፣ እርጥበትና ቆሻሻም ይይዛል።

አያያዙ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

በሕይወት ያለ ነገር ላይ ከመሞከርዎ በፊት አተር የምታክል ወረቀት ጠቅልለው በቀላሉ እንድትለቅ አድርገው ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ይለማመዱ። እጅዎ መዝጊያውን ከግድግዳው ሳያነሣ መግፋት እስኪለምድ ድረስ ይድገሙት። መዝጊያውን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ምን ያህል ኃይል እንደሚበቃ የሚታወቀው በዚህ ነው።

1. ክፍሉን ያዘጋጁ። ማራገቢያ ያጥፉ፣ በር ይዝጉ። ነፍሳቱ ቢያመልጥ የሚሸሽበትን፣ ማለትም ከሶፋ ሥር፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ፣ አስቀድመው ያስቡ። የሚለቁበትን በርም አሁኑኑ ይወስኑ፤ በአንድ እጅ መዝጊያ፣ በሌላው ኩባያ ይዘው በር መክፈት ጣጣ ነው።

2. ይቅረቡ። ጥላዎ እላዩ ላይ እንዳያርፍ ከመብራቱ ተቃራኒ ይቁሙ። ትንፋሽዎን ወደ ጎን ያድርጉ፤ የሸረሪት እግር ፀጉሮችና ከበረሮ ጅራት ጫፍ የወጡት ሁለት ቀንድ መሳይ አካላት ትንሽ የአየር ንቅናቄ ይሰማቸዋል። ኩባያውን በቀጥታ፣ አፉን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገው፣ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ በጣም ቀስ ብለው ያስጠጉ።

3. ይድፉት። የቀረችውን 5 ሴንቲ ሜትር በአንዴ ይጨርሷት፣ ግን ሳይደልቁ። ድምፁና ንዝረቱ ራሱ ያስሮጣል።

4. ይጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እንደደፋ ወዲያው መዝጊያውን ይገፋል። ነፍሳቱ መጀመሪያ ጠርዙን እየዞረ መውጫ ይፈልጋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ወይም ወደ ብርሃኑ ይወጣል። ኩባያው ጀርባ ድረስ ከሄደልዎ ሥራው አለቀ።

5. መዝጊያውን ያስገቡ። ጠርዙን በወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ በአንድ ጎን ከፈት ያድርጉና፣ እግር ከሌለበት አቅጣጫ ይጀምሩ። ኩባያውን አንሥተው በመዝጊያው ላይ አያስቀምጡ፤ መዝጊያው ግድግዳውን እየዳሰሰ ይሂድ። በጥርቱ ፊልም በኩል ሲያዩ የሸረሪቷ የፊት እግር ጫፍ ከከንፈሩ ሥር ክር አክሎ ወጥቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ይቁሙ። መዝጊያውን በጣም በዝግታ ጠጋ ሲያደርጉት ጫፉ ይነካትና እግሯን ራሷ ሰብስባ ትስባለች፤ ያን ጊዜ ይቀጥሉ። ቢቸኩሉ ግን ይቆረጣል። ሸረሪት እግሯን የምትዘረጋው በውስጧ ባለ ፈሳሽ ግፊት ስለሆነ የእግር መጎዳት ለእሷ ከባድ ነው።

6. ያንሡ። መዝጊያውን በመዳፍ ደግፈው፣ ኩባያውን በላዩ ተጭነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከግድግዳው ያላቅቁ። ሲሸከሙ መዝጊያው ከታች፣ ኩባያው ከላይ ይሁን። ነፍሳት ወደ ላይ መውጣት ስለሚወዱ ከመክፈቻው ይርቃሉ። አገላብጦ መያዝ መዝጊያውን ሲከፍቱ እጅዎ ላይ እንዲወጣ መጋበዝ ነው።

አስቸጋሪ ቦታዎች

የግድግዳ ጥግ ላይ ክብ አፍ አይገጥምም፤ መታገልም ከንቱ ነው። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዘው ነፍሳቱን ከጎኑ በቀስታ ነካ እያደረጉ ወደ ጠፍጣፋው ግድግዳ ያውጡት፣ ከዚያ ይድፉበት። ሸረሪት በድሯ ላይ ከሆነች ግን ኩባያውን ከበታቿ ያድርጉና ከላይ በብሩሹ ይንኳት፤ አብዛኞቹ ሲደነግጡ ክር እየለቀቁ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ቀጥታ ኩባያው ውስጥ። ክሩን በመዝጊያው ይቁረጡና ይዝጉ። ሲነኩ ወደ ታች የሚወድቁትንና የሚገሙትን ጋሻ መሳይ ነፍሳትም በዚሁ መንገድ ይያዟቸው።

መጋረጃ ላይ አንዱን እጅ ከጨርቁ ጀርባ አስገብተው መዳፍዎን ዘርጉ፣ በሌላው ኩባያውን ከፊት ይድፉ። ጨርቁ በመዳፍዎና በጠርዙ መካከል ይወጠርና ይገጥማል። ንብና ተርብ ላይ ግን ይህን አያድርጉ፤ ጨርቁን አሳልፈው ይናደፋሉ።

ከዞኮሎው ሥር ለሥር የሚሮጥ በረሮ ከወለሉና ከግድግዳው መጋጠሚያ አይለይም። እያሳደዱ መድፋት አይሠራም። በመንገዱ ላይ፣ ከፊቱ፣ ኩባያውን አፉን ወደ እሱ አድርገው ወለሉ ላይ ያስተኙ፤ ከኋላው በወረቀት ትንሽ ያርገብግቡ። አየሩ ከመጣበት ተቃራኒ ይሸሻል፣ ጨለማ ሲመስለውም ይገባል። ለዚህ ጊዜ ብቻ ኩባያውን በጨርቅ መሸፈን ይረዳል።

ምንጣፍ ላይ ጠርዙን ጠበቅ አድርገው ተጭነው ጠንከር ያለ መዝጊያ ይጠቀሙ፤ ስሱ ፊልም በክሮቹ መካከል ይጎብጣል።

እንደየነፍሳቱ

ዝንብ ከሁሉ ታስቸግራለች፣ ምክንያቱም ይታወቃል። ግዌኔት ካርድና ማይክል ዲኪንሰን በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የፍራፍሬ ዝንቦችን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው፣ የሚመጣባቸውን ነገር ሲያዩ ገና ሳይበሩ እግራቸውን አስተካክለው ከአደጋው ተቃራኒ ለመዝለል እንደሚዘጋጁ አሳይተዋል። ስለዚህ ከኋላዋ ይምጡና የኩባያውን መሐል ከእሷ ትንሽ ወደፊት ያነጣጥሩ። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን መብራቱን አጥፍቶ አንድ መስኮት ብቻ ብሩህ መተው ነው፤ ራሷ መስታወቱ ላይ ትሄዳለች፣ መስታወት ደግሞ ለኩባያ ከሁሉ የሚመች ቦታ ነው። ማለዳ በብርድ ሰዓት ሰውነቷ ስለማይሞቅ በጣም ትዘገያለች።

ትንኝ ቀን ቀን ጨለም ባለ ጥግ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ለእሷ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይሻላል፣ አየር ብዙ አይገፋም። ትንፋሽዎን ይያዙ።

የእሳት እራትንና ቢራቢሮን በኩባያ ብቻ ይያዙ። ክንፋቸው ላይ ያለው ዱቄት የሚመስለው ነገር ቅርፊት ነው፤ ሲነካ ይረግፋልና ብሩሽም ሞተርም አይስማማቸውም።

ንብና ተርብ ተረጋግተው ሲቀመጡ ብቻ ይሞክሩ፣ በተለይ መስኮት ላይ። የንብ መርዝ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ይህን ሥራ ለሌላ ይተው። በክፍሉ ውስጥ ሦስት አራት ካዩ ደግሞ አቅራቢያ ጎጆ ሊኖር ይችላል፤ ያ የመያዣ ሥራ አይደለም።

ጊንጥ በእጅ ቅርበት አይያዝም። ረጅም መቆንጠጫ ወይም ባለ ዘንጉን ኩባያ ይጠቀሙ፣ የተሸፈነ ጫማ ያድርጉ፣ መዝጊያውም የማይጎብጥ ይሁን። ንጹሕ የመስታወት ማሰሮ ግድግዳን መውጣት ስለማይችል እዚያ ውስጥ ከገባ ይቆያል። በሌሊት በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የት እንደገባ ለመፈለግ ይጠቅማል። መርዛም መሆኗን የሚጠረጥሯትን ሸረሪትም በዚሁ ርቀት ይያዟት።

ጉንዳንና ትኋን አንድ በአንድ በኩባያ አይለቀሙም። ለጉንዳን ሳሙና የነካው እርጥብ ጨርቅ መንገዱን ከነሽታው ይጠርገዋል። ለትኋን ቫኪዩሙና ስቶኪንጉ ይሁን፣ ስቶኪንጉም ታሥሮ ወዲያው ከቤት ይውጣ።

በትንሽ ጠርሙስና በሁለት ቱቦ የሚሠራ፣ በአፍ አየር እየተሳበ ነፍሳት የሚሰበሰብበት መሣሪያም አለ፤ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ወንፊት ቢኖረውም ቅርፊት፣ አቧራና ሻጋታ ወደ ሳንባ ስለሚገባ ለቤት ውስጥ ተባይ አልመክረውም።

የያዙትን የት ያድርሱት?

ሸረሪት፣ ንብ፣ ቢራቢሮ፣ የእሳት እራትና አብዛኛው ጥንዚዛ ይለቀቁ። በሩን ከኋላዎ ይዝጉ፣ ከበሩና ከመስኮቱ ራቅ ብለው ኩባያውን መሬት ላይ በጎኑ ያስተኙ፣ አፉን ከራስዎ ወዲያ አዙረው መዝጊያውን ይሳቡና ወደ ኋላ ይበሉ። አያራግፉ፣ አይምቱ። አልወጣ ካለ ቀጭን እንጨት ወይም ቅጠል አፉ ላይ አስደግፈው ይተዉት። ለተርብ የመዝጊያው ጫፍ ላይ 2 ሜትር ገመድ ያሥሩና ከሩቅ ይሳቡ።

በረሮ፣ ትንኝና ትኋን ግን አይለቀቁም፤ ይመለሳሉ ወይም ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ያለ እድፍ ለመግደል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሳሙና ያለው ውሃ ነው። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያድርጉና መዝጊያውን ከፈት አድርገው ያራግፉበት። ነፍሳት የሚተነፍሱት በጎናቸው ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው፤ ተራ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ሳሙናው ግን ውሃው ሰውነታቸውን እንዲያርስና ቀዳዳዎቹን እንዲሞላ ያደርጋል። ሁለተኛው ፍሪዘር ነው። በሚገባ በሚዘጋ ከረጢት ውስጥ አድርገው 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ፤ ለበረሮ 24 ሰዓት ይበቃል፣ ለትኋን ቢያንስ 4 ቀን። እንቁላል የተሸከመች የጀርመን በረሮ ከያዙ ከረጢቱን ሳይከፍቱ ይጣሉት፤ በምትሸከመው አንድ የእንቁላል ማቀፊያ ውስጥ እንቁላሎቹ ከ30 እስከ 40 ይደርሳሉ፣ ተጨፍልቃ ብትሞት እንኳ ሊፈለፈሉ የተቃረቡት ሊተርፉ ይችላሉ።

በየቀኑ በረሮ የሚይዙ ከሆነ ግን መያዣው ብቻውን አይፈታውም። የሚታየው ከሚደበቀው ጥቂቱ ነው፤ የሚፈስ ቧንቧ፣ ያልተከደነ ቆሻሻና ከምድጃ ጀርባ ያለ ስንጥቅ መዘጋት አለባቸው።

ጽዳትና አቀማመጥ

ከእያንዳንዱ አያያዝ በኋላ ኩባያውንና መዝጊያውን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይጠቡ። በተለይ የበረሮ ኩስ ያለበትን አያሳድሩ፤ ሽታው ሌሎች በረሮዎችን ይጠራል። ተገዝቶ የመጣውን በአልኮል ወይም አሞኒያ ባለው የመስታወት ማጽጃ አይወልውሉ፣ አክሪሊክ ፕላስቲክን ያደበዝዛል፣ ጥቃቅን ስንጥቅም ያወጣበታል። ባለ ሞተሩን ወንፊቱን ነቅለው በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ፤ አፉ ላይ ያለችው ቅጠል በነፃነት መዘጋቷን በጣት ነካ አድርገው ያረጋግጡ። ለረጅም ጊዜ የማይሠሩበት ከሆነ ባትሪውን ያውጡ፣ አለበለዚያ ፈስሶ መገናኛውን ያዝጋል።

መዝጊያውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያስተኙት እንጂ ግድግዳ ላይ አስደግፈው አይተዉት፤ ይቆለመማል። የፊት ጫፉ ሲጎረብጥ ወይም ሲሰነጠቅ 1 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ይጣሉና ማዕዘኑን እንደገና ክብ ያድርጉ። የኩባያው ከንፈር ከተጣመመም ካውያው ላይ መልሰው ያቅኑት። ዕቃውን ከነመዝጊያው ነፍሳት ብዙ በሚታዩበት ክፍል በር አጠገብ ይስቀሉ፤ ሲያስፈልግ ፍለጋ ከሄዱ ሲመለሱ ነፍሳቱን አያገኙትም።